ጨጓራን የሚያቆስለው በርበሬ ነውን?

ዩሪኤዝ ስለሚባለው የባክቴሪያ ኤንዛይም የተዘጋጀ ማብራሪያ



በቅርቡ በእኛ መኝታ ክፍል የደረሰውን ነገር ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ሰምተውታል። ያልሰማችሁ እንድትሰሙት፣ የሰማችሁም ምክንያቱን እንድታውቁት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ባለ ጉዳዩ ጓደኛችንም «ስሜን ሳትጠሩ ጻፉት፤ ሌላው ይማርበት» ብሎ ፈቅዶልናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛችን ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፉ እየተነሣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ላይ መቀመጥ ጀመረ። ከእምብርቱ በላይ ያቃጥለዋል፤ ሲበላ ትንሽ ይተወዋል፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን ይመለስበታል። «ምን ሆንክ?» ስንለው «ጨጓራ አለብኝ» አለን። (ጨጓራማ ሁላችንም አለን! ግን በአገራችን በሽታውም ስሙ ያው ነው።) እኛም እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሐኪም ሆንን። አንዱ «በርበሬ ተው» አለው። ሌላው «ቡና በባዶ ሆድህ ስለምትጠጣ ነው» አለ። ሦስተኛው ተልባ በጥብጦ ሰጠው። አራተኛው ደግሞ «ሐሳብ ነው፤ ፈተናው ይለፍ እንጂ ይተውሃል» ብሎ አጽናናው። ጓደኛችንም ሁላችንንም ሰማን። ሽሮውን ትቶ ደረቅ እንጀራ በላ፤ ቡናውን ትቶ ወተት ጠጣ፤ ፈተናውም አለፈ። ሕመሙ ግን አላለፈም።

አንድ ቀን ጧት ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ፊቱ ደም አልነበረውም። «ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል» አለንና ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ደግፈን ወደ ሕክምና የወሰድነው። ሐኪሙ መርምረው ቁስሉ እየደማ እንደነበረ፣ የጠቆረውም ሰገራ ከጨጓራ አካባቢ የወረደ ደም እንደሆነ አስረዱን። በምርመራውም ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘበት። «ለመሆኑ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቁ ነበር?» ሲሉን የምንመልሰው ጠፋን። ተልባ እየበጠበጥን ነበር እንበል?

ጓደኛችን ዛሬ ደህና ነው። እኛን ግን አንድ ነገር ቆረቆረን። እስከ 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ተምረናል። «ኤንዛይም ምንድን ነው?» ተብለን ስንጠየቅ ትርጉሙን በቃላችን እንወርደዋለን። ያ በቃል የወረድነው ነገር ግን ጓደኛችን ሆድ ውስጥ ሲሠራ አላወቅነውም። ነገ ደግሞ በየገጠሩ ስንመደብ ሐኪም በሌለበት ቦታ ሕዝቡ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። እዚያም ሄደን «በርበሬ ተዉ» ልንል ነውን? ስለዚህ መምህራኖቻችንን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ያገኘነው እነሆ።

ጨጓራ እንዴት ያለ ቦታ ነው?

ጨጓራ የሚያመነጨው ፈሳሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለበት። የአሲድነቱ መጠን በፒኤች ሲለካ ምግብ በሌለበት ጊዜ ከ1 እስከ 2 ይደርሳል። ፒኤች 7 የንጹሕ ውኃ ልክ ነው፤ ከዚያ አንድ ቁጥር በወረድን ቁጥር አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። እንግዲህ ከ7 እስከ 2 አምስት ደረጃ ነውና ልዩነቱ 100,000 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ አሲድ ፕሮቲን የሚፈጩ ኤንዛይሞችን ያግዛል፤ ከምግብና ከውኃ ጋር የገቡትን ጀርሞችም አብዛኞቹን ይገድላል።

ታዲያ ይህ አሲድ ጨጓራውን ራሱን ለምን አይበላውም? የጨጓራው ውስጠኛ ግድግዳ ዝልግልግ ልባስ አለው። ይህ ልባስ እንደ ወፍራም ሙጫ ሆኖ ግድግዳውን ይሸፍናል። ከሥሩ ያሉት ሕዋሳትም አሲድ የሚያረክስ ንጥረ ነገር ወደ ልባሱ ያመነጫሉ። ስለዚህ በጨጓራው መሐል ፒኤች 2 ቢሆንም፣ ከልባሱ ሥር ከግድግዳው አጠገብ ወደ 7 ይጠጋል። ሁለት ሰፈር አለ ማለት ነው፤ የሚያቃጥለው መሐሉና ሰላም ያለበት ዳሩ። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዳው ማን ነው?

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች «በዚያ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም» ይሉ ነበር። ቁስለት የሚመጣው ከአሲድ ብዛት፣ ከጭንቀትና ከምግብ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እኛ ለጓደኛችን የነገርነው ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ በትልልቅ የሕክምና መጻሕፍትም የነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም፣ በፐርዝ ከተማ ከሕመምተኞች ጨጓራ የተቆረጠ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች አዩ። ባክቴሪያዎቹ ባሉበት ሁሉ ጨጓራው ተቆጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሪ ማርሻል የሚባሉ ወጣት ሐኪም ከእርሳቸው ጋር መሥራት ጀመሩ። ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ለማራባት ደጋግመው ሞከሩ፤ አልሆነም። ለካስ ባክቴሪያው ቀስ ብሎ የሚያድግ ኖሮ፣ ማሳደጊያ ሳሕኖቹ ከሁለት ቀን በኋላ እየተጣሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ በዓል ሆነና ሳሕኖቹ ሳይነኩ ለተጨማሪ ቀናት ቆዩ፤ ከበዓል ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ!

ዓለም ግን ወዲያው አላመነም። እ.ኤ.አ. በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን በፈሳሽ አድርገው ራሳቸው ጠጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ጀመራቸው፤ ጨጓራቸውም ሲታይ ተቆጥቶ ባክቴሪያው ሰፍሮበት ተገኘ። ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ባክቴሪያውም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ተባለ፤ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ።

ጥያቄው ግን ገና አልተመለሰም። ሌላውን ጀርም የሚፈጅ አሲድ ይህን ለምን አይፈጀውም? መልሱ ዩሪኤዝ የሚባለው ኤንዛይም ነው።

ዩሪኤዝ ምን ይሠራል?

ኤንዛይም ማለት በሕይወት ባሉ ነገሮች ውስጥ ያለ፣ አንድን ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን ሳያልቅ ደጋግሞ የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ይህ በቃላችን የምንወርደው ነው። አሁን ወደ ምናውቀው ነገር እናምጣው።

ከገበሬ ቤት የመጣን ሁሉ የከብቶቹን በረት ጧት ስንከፍት ዓይን የሚያስለቅሰውን ሽታ እናውቀዋለን። ከተሜዎቹም ሽንት ቤቱን አያጡትም። ያ ሽታ አሞንያ ነው። ትኩስ ሽንት ግን እንደዚያ አይሸትም፤ የሚሸተው ሲቆይ ነው። ለምን? በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ነው፤ መሬት ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች በዩሪኤዝ ሲሰባብሩት አሞንያ ይወጣዋል። ገበሬው የሚዘራው ነጩ ዩሪያ ማዳበሪያም ያው ዩሪያ ነው። «አፈር አልብሱት» የሚባለውም ላይ ላዩን ሲቀር በአፈር ውስጥ ባለው ዩሪኤዝ ወደ አሞንያ ተለውጦ በአየር ስለሚባክን ነው። ለውጡ በቃላት ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፤

አንድ ዩሪያ + አንድ ውኃ = ሁለት አሞንያ + አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ዩሪያ ያለ ኤንዛይም በራሱ ይሰባበር ቢባል ዓመታት ይፈጅበታል። ዩሪኤዝ ካለ ግን በቅጽበት ነው። በነገራችን ላይ ከኤንዛይሞች ሁሉ መጀመሪያ በክሪስታል መልክ ነጥሮ የወጣው ይኸው ዩሪኤዝ ነው። ያወጡትም እ.ኤ.አ. በ1926 ጄምስ ሰምነር የሚባሉ አሜሪካዊ ከባቄላ ዘመድ ከሆነ እህል ነው፤ ኤንዛይም ፕሮቲን መሆኑንም በዚህ አሳዩ።

አሁን «ጨጓራ ውስጥ ዩሪያ ከየት መጣ?» ማለታችሁ አይቀርም። ሽሮ ስንበላ በውስጡ ያለው ፕሮቲን በሰውነታችን ሲቃጠል አሞንያ ይፈጠራል። አሞንያ መርዝ ስለሆነ ጉበት ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ ዩሪያው በደም ሄዶ በኩላሊት በኩል ይወጣል። በደም ውስጥ ሲዘዋወር ግን ጥቂቱ ወደ ጨጓራ ይሰርጋል። ኤች ፓይሎሪ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ጉበታችን መርዙን አርክሶ ያስቀመጠውን እርሱ መልሶ መርዝ ያደርገዋል።

አሲዱን እንዴት ያመልጠዋል?

አሞንያ ቤዝ ነው። አሲድ ሲያገኝ የአሲዱን የሃይድሮጅን አዮን ይይዝና አሞኒየም ይሆናል፤ አሲዱም ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ባክቴሪያው ዩሪያውን እየሰባበረ ውስጡንና ዙሪያውን ያረክሳል። የጨጓራውን አሲድ በሙሉ አጠፋለሁ ብሎ አይነሣም፤ ያን አይችለውም። በኃይለኛ ዝናብ መሐል ጃንጥላ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ዝናቡ አልቆመም፤ እርሱ ግን አልረጠበም።

ይህ ሥራ ለባክቴሪያው ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ከሚያወጣው ወጪ ይታያል። ከጠቅላላ ፕሮቲኑ እስከ 10 በመቶ የሚደርሰው ዩሪኤዝ ነው። አንዱ የኤንዛይሙ ሞለኪውል 12 ጥንድ ክፍሎች ተጋጥመው የሚሠሩት ትልቅ አካል ሲሆን፣ በውስጡ 24 የኒኬል አተሞች አሉበት። ኒኬሉ ከሌለ ኤንዛይሙ አይሠራም።

በጣም ያስደነቀን ግን በሩ ነው። አሲድ በሌለበት ጊዜ ዩሪያ እንደ ልብ ቢገባና አሞንያ ቢበዛ ባክቴሪያው በራሱ አሞንያ ይሞታል። ስለዚህ በውስጠኛ ሽፋኑ ላይ የዩሪያ መግቢያ በር አለው፤ አሲዱ ሲበረታ በሩ ይከፈታል፤ አሲዱ ሲረክስ ይዘጋል። ከላይ ስለ ሁለቱ ሰፈሮች የነገርናችሁን አስታውሱ። ባክቴሪያው በሚያቃጥለው መሐል ሲያልፍ በሩን ከፍቶ ይሠራል፤ ሰላም ወዳለበት ዳር ሲደርስ ይዘጋል።

እዚያ ዳር ለመድረስ ግን ያን ወፍራም ልባስ ማቋረጥ አለበት። ባክቴሪያው ጠመዝማዛ ነው፤ ጅራፍ የመሰሉ ጭራዎችም አሉት። ስለዚህ ብዙዎች እንደ ብሎን እየተሽከረከረ ልባሱን ይበሳል ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ልባሱ አሲድ ሲኖር ይረጋል፤ አሲዱ ሲረክስ ይቀጥናል። የባክቴሪያው አሞንያ በዙሪያው ያለውን ልባስ ስለሚያቀጥነው፣ በዚያ በቀጠነው ውስጥ ይዋኛል። እንግዲህ ያው አንድ ኤንዛይም ጃንጥላም መንገድ ጠራጊም ሆነለት ማለት ነው።

«ዩሪኤዝ ባይኖረውስ?» ብለን ነበር። ይህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት ከሌላ ጀርም በጸዳ ቦታ ላደጉ የአሳማ ግልገሎች ዩሪኤዝ የሌለው ኤች ፓይሎሪ ተሰጣቸው፤ በጨጓራቸው ሊሰፍር አልቻለም። መግቢያ ቁልፉ ይኸው ኤንዛይም ነው።

ከመስፈር ወደ ማቁሰል

ባክቴሪያው ከሰፈረ በኋላ ጉዳቱ በብዙ መንገድ ይመጣል። ዩሪኤዝ በዚህም ድርሻ አለው። አንደኛ፣ አሞንያው የግድግዳውን ሕዋሳት ይጎዳል፤ በሕዋሳቱ መካከል ያለውንም መጋጠሚያ ያላላል። ሁለተኛ፣ ኤንዛይሙ ራሱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል። እነዚህ የሰውነታችን ወታደሮች ወራሪውን ለመግደል የሚረጩት ክሎሪን ያለበት ውሕድ ከአሞንያው ጋር ሲገናኝ ሞኖክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ይፈጠርና ጨጓራውን ራሱን ይጎዳል። ሦስተኛ፣ ባክቴሪያው ከዩሪኤዝ ሌላ ሕዋስ የሚያቆስሉ መርዘኛ ፕሮቲኖችም አሉት። ስለዚህ ሁሉን ነገር በዩሪኤዝ ላይ አናላክክም፤ በሩን የከፈተው ግን እርሱ ነው።

ከዚህ የተነሣ በመጀመሪያ ጨጓራ ይቆጣል። ይህ ቁጣ ለዓመታት ይቆያል። በአንዳንዱ ሰው ላይ የጨጓራው የታችኛው ክፍል ሲቆጣ የአሲድ ማመንጫው ልጓም ይላላና አሲድ ይበዛል፤ አሲዱም ወደ ቀጭን አንጀት መጀመሪያ እየወረደ እዚያ ያቆስላል። ሆድ ባዶ ሲሆን የሚያቃጥለው፣ ሲበላ የሚተወው ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ያለው ነው። የጓደኛችንም ይኸው ነበር። በሌላው ሰው ላይ ደግሞ ቁጣው ጨጓራውን በሙሉ ያዳርስና አሲድ አመንጪ ሕዋሳት ይሟሽሻሉ፤ ይህ በረጅም ዘመን ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ኤች ፓይሎሪን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች በአንደኛው ምድብ መዝግቦታል።

ሆኖም ማንም እንዳይደነግጥ። በዓለም ላይ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ይህን ባክቴሪያ ይዞ እንደሚኖር ይገመታል። አብዛኛው ምንም አይሰማውም። ከያዛቸው ከመቶ ሰው በዕድሜ ዘመናቸው የሚቆስሉት ከ10 እስከ 20፣ ካንሰር የሚደርስባቸው ደግሞ ከ1 እስከ 2 የሚሆኑት ናቸው።

በርበሬስ? በርበሬ የቆሰለን ቦታ ይለበልባል እንጂ ቁስሉን አልፈጠረውም። ጭንቀትም ሕመሙን ያባብሳል እንጂ ዋናው ምክንያት እርሱ አይደለም። ወተትም ለጊዜው ያበርዳል፤ ኋላ ግን አሲድ እንዲመነጭ ያደርጋል። እኛ ያደረግነው «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ነው። ይሁንና ቁስለት ሁሉ ከባክቴሪያ ነው ማለትም አይደለም። እንደ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ማዘውተርም ሌላው ትልቅ ምክንያት ነው። ራስ ምታት በመጣ ቁጥር ክኒን የምንውጥ ሰዎች ይህን ልብ እንበል።

ኤንዛይሙ ባለቤቱን ሲያጋልጥ

ከታሪኩ ሁሉ እኛን የገረመን ይህ ነው። በጨጓራ ውስጥ ዩሪኤዝ መኖሩ የታወቀው ባክቴሪያው ከመታወቁ ብዙ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። ያን ጊዜ ግን ኤንዛይሙ የጨጓራው የራሱ ነው ተባለ፤ እንዲያውም ጨጓራን ከአሲድ እንዲጠብቅ የተፈጠረ ነው ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ለሕመምተኞች ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሰጡ በጨጓራ ውስጥ የነበረው የዩሪኤዝ ሥራ እንደሚጠፋ አዩ። እንግዲህ ኤንዛይሙ የባክቴሪያ ነው ማለት ነው። ሆኖም «ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም» የሚለው እምነት ስለበረታ፣ ዱካው እየታየ ባለቤቱን የፈለገ ጠፋ። የታወቀ የመሰለንን ነገር አለመጠየቅ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ነው።

ዛሬ ግን ይኸው ዱካ መመርመሪያ ሆኗል። በአንዱ ምርመራ ሕመምተኛው ልዩ ምልክት ያለው ካርቦን የተቀላቀለበት ዩሪያ ይውጣል። ባክቴሪያው ካለ ዩሪኤዙ ዩሪያውን ይሰባብረዋል፤ ምልክት ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም በኩል ወደ ሳንባ ሄዶ በትንፋሽ ይወጣል። ሰውየው እፍ ይላል፤ ትንፋሹ ይመረመራል፤ አለቀ። በሌላው ምርመራ ደግሞ በኤንዶስኮፒ ከጨጓራ የተወሰደ ቁራጭ ዩሪያና ቀለም ባለበት ማሳያ ላይ ይቀመጣል፤ ዩሪኤዝ ካለ በአሞንያው ምክንያት ቢጫው ወደ ቀይ ሮዝ ይለወጣል። በሰገራ ውስጥ የባክቴሪያውን ምልክት የሚያሳይ ምርመራም አለ። በደም ውስጥ ፀረ አካል የሚፈልገው ምርመራ ግን ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል፣ ድኜ ይሆን ብሎ ለማረጋገጥ አይበጅም። ፀረ ባክቴሪያና አሲድ ቀናሽ መድኃኒት የሚወስድም ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ መድኃኒቶቹ ባክቴሪያውን ለጊዜው ስለሚያዳክሙት ምርመራው «የለም» ብሎ ሊያታልል ይችላል።

ሕክምናው ለምን እስከ መጨረሻው ይወሰዳል?

ሕክምናው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ መድኃኒቶች በአንድነት የሚሰጡበት ነው። ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ይወስዳል። አሲድ ቀናሹ የሚጨመረው ለቁስሉ ብቻ አይደለም፤ አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው መራባት ይጀምራል፤ በመራባት ላይ ያለን ባክቴሪያ ደግሞ እንደ አሞክሲሲሊን ያለው መድኃኒት በሚገባ ይመታዋል። ጃንጥላውን ዘርግቶ አድብቶ የተቀመጠው ዝናቡ ያባራ መስሎት ሲወጣ ይያዛል ማለት ነው።

ጓደኛችን በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ተወው። «በቃኝ፤ አፌንም መረረኝ» ብሎ ሊያቆም ነበር። እዚህ ላይ እንኳ እኛ ትንሽ ቁም ነገር ሠራን፤ ተራ ገብተን ጧትና ማታ እያስታወስን አስጨረስነው። በግማሽ የተቋረጠ መድኃኒት ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ መድኃኒቱን የተለማመደውን ይተዋል። ያ የተረፈው እንደገና ሲነሣ የፊተኛው መድኃኒት አይበግረውም፤ ወደ ሌላም ሰው ሊተላለፍ ይችላል። መድኃኒቱን ከጨረሰ ከወር በላይ ቆይቶ በድጋሚ ተመረመረ፤ ባክቴሪያው ጠፍቷል። የጓደኛን የተረፈ ክኒን ተቀብሎ መዋጥም ክልክል ነው፤ መድኃኒቱንና መጠኑን የሚወስን ሐኪም ነው።

ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ ነው። ከሰው ወደ ሰው በአፍና በሰገራ በኩል እንደሚተላለፍ ይታመናል። ለሕፃን ምግብ አኝኮ መስጠትም በመተላለፊያነት ይጠረጠራል። ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃ መጠጣት፣ በትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት አጠገብ ውኃ እንዲኖር ማድረግ የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት እናሳየው?

ይህን ሁሉ በጠመኔ ብቻ ከማስተማር ዓይን የሚያየው ነገር ይሻላል። ጥሬ አኩሪ አተር በውስጡ ዩሪኤዝ አለው። ስለዚህ እኛ እንደሚከተለው ሞከርነው።

1. ጥሬ አኩሪ አተር ደቁሰን ዱቄቱን ለሁለት ከፈልነው፤ አንዱን በውኃ ለሩብ ሰዓት ያህል ቀቅለን አበረድነው።
2. በሁለት ብርጭቆ ግማሽ ግማሽ ውኃ አድርገን በአንዱ ጥሬውን፣ በሌላው የተቀቀለውን ጨመርን።
3. በሁለቱም ላይ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ማዳበሪያ ጨምረን አማሰልን።
4. በየብርጭቆው ቀይ ሊትመስ ወረቀት ነክረን ጠበቅን።

ጥሬው ባለበት ብርጭቆ ወረቀቱ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ሆነ፤ ወደ አፍንጫችን ስናስጠጋውም ያ የበረት ሽታ መጣ። በተቀቀለው ግን ወረቀቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ፤ ሙቀቱ ኤንዛይሙን አበላሽቶታልና። ቤት ያለን ነገር ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ ታየን። አደራ፣ ማዳበሪያ አይቀመስም፤ ልጆች ከነኩትም እጃቸውን ይታጠቡ፤ ብርጭቆውም ለመጠጥ አይመለስ።

ለማጠቃለል

ነገ አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «መምህር፣ ልጄ ጨጓራ ይዞት አላስተኛ አለው፤ በርበሬ ላስተወው?» ቢሉን ምን እንላለን? «እማማ፣ ሕመሙ ከቆየ ያስመርምሩት፤ የሚድን በሽታ ነው» እንላለን። «ሰገራው ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከው፣ ያለ ምክንያት ከከሳ ደግሞ ዛሬውኑ ይውሰዱት» እንላለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም? እኛ ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው የደረስነው።

ጓደኛችን ከምግብ ቤቱ ሽሮ ጋር ታርቋል። ትናንት ማታ እንዲያውም ሚጥሚጣ አምጡልኝ ብሎ አስቆናል። ቢሆንም ያቺ ጧት ከዓይናችን አልጠፋችም። ተልባውን የበጠበጥነው እኛ ነንና ይህን መጻፍ ዕዳችን ነበር። የተሳሳትነው ነገር ካለ መምህራኖቻችን ያርሙን፤ ጥያቄ ያላችሁም ከዚሁ ሰሌዳ ግርጌ ጽፋችሁ ለጥፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እንመልሳለን።

ከአንድ መኝታ ክፍል ሠልጣኞች